ጎጃም ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሲሰጥ፦ የመስከረም 1950 ምርጫ እንዴት ይሠራ ነበር?

የኢትዮጵያ ሕዝብ የፓርላማ አባላቱን ራሱ እንዲመርጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠራው በመስከረም 1950 ዓ.ም. ነው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበር፤ ወንዙ አልጎደለም፣ ጤፉና ዳጉሳው አልታጨደም። የዱርቤቴ ከተማና መላው አቸፈር ያኔ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበሩ።

«ያን ያህል የራቀ ምርጫ አሁን ማንሳት ምን ይጠቅማል?» ይሉ ይሆናል። ስለ ምርጫ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ አንድ ቀን ነው፤ ስለ ሰልፉ፣ ስለ ካርዱ፣ ስለ ሣጥኑ። የአንድ ድምፅ ክብደት ግን በአብዛኛው የሚወሰነው ከዚያ ቀን በፊትና በኋላ ነው። በፊት፦ ማን መወዳደር ይችላል? በኋላ፦ የተመረጠው ሰው ገብቶ ምን ማድረግ ይችላል? የ1950 ምርጫ ይህን ለመረዳት ጥሩ ማሳያ ስለሆነ ደረጃ በደረጃ እንየው።

ከዚያ በፊት ፓርላማ አልነበረም እንዴ?

ነበር። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ሰጡ። ረቂቁን ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፣ በአብዛኛው የተከተሉት የጃፓንን ሕገ መንግሥት ነበር። በዚህ ሕግ መሠረት ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ።

አንደኛው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ነው። አባላቱን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ሁለተኛው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ይባላል። የዚህን አባላት የሚመርጡት ደግሞ መኳንንቱና የአገሩ ሹማምንት ነበሩ። ሕገ መንግሥቱ ይህ አሠራር ጊዜያዊ እንደሆነ፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪደርስ ድረስ ብቻ እንደሚቆይ ይናገር ነበር።

ስለዚህ ከ1950 በፊት የአቸፈር ገበሬ አዲስ አበባ ውስጥ «የጎጃም እንደራሴ» የሚባል ሰው ነበረው። እንደራሴ ማለት በሌላው ፈንታ ሆኖ የሚናገር ወኪል ነው። ገበሬው ግን ያን ሰው አልመረጠውም፤ የመረጡለት ሹማምንቱ ናቸው። «ጊዜያዊ» የተባለው አሠራርም፣ የጣሊያን ወረራ መካከል ገብቶበት፣ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ቆየ።

ታዲያ ምን ተለወጠ?

በመስከረም 1945 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሐደች። ኤርትራ ስትመጣ የራሷን ሕገ መንግሥትና የተመረጠ ምክር ቤት ይዛ ነው። በአንድ ዘውድ ሥር ሆኖ አንዱ ክፍል ሲመርጥ ሌላው የማይመርጥበት ሁኔታ ብዙ ሊቆይ አልቻለም።

በጥቅምት 1948 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የጫኑበት 25ኛ ዓመት ሲከበር፣ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ። ይህ ሕግ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ፣ በምስጢር ድምፅ እንዲመረጡ ደነገገ። በምስጢር ድምፅ ማለት ማንን እንደመረጡ ሌላ ሰው ሳያይ ማለት ነው። ቀጥሎ የምርጫ አዋጅ ወጣ፤ ድምፅ የተሰጠውም በመስከረም 1950 ነው።

ማን መምረጥ ይችል ነበር?

በትውልድ ኢትዮጵያዊ የሆነ፣ 21 ዓመት የሞላውና በምርጫ ወረዳው የሚኖር ሰው። ወንድም ሴትም። ማንበብና መጻፍ አልተጠየቀም። መራጩ መሬት ወይም ገንዘብ እንዲኖረውም አልተጠየቀም።

ይህ ለጊዜው ቀላል ነገር አልነበረም። በባልትና ውላ የምታመሽ የገጠር ሴትም፣ በሰው መሬት ላይ የሚያርስ ጭሰኛም በወረቀት ላይ ከባላባቱ እኩል አንድ ድምፅ ነበራቸው። በዚሁ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ።

ማን መወዳደር ይችል ነበር?

እዚህ ላይ በሩ ይጠባል። ዕጩው፣ ማለትም ለመመረጥ የሚቀርበው ሰው፣ 25 ዓመት የሞላው መሆን ነበረበት። በሚወዳደርበት ወረዳ ነዋሪ መሆንም ነበረበት። ከዚህ በላይ ግን በዚያው ወረዳ ንብረት ሊኖረው ይገባ ነበር። የማይንቀሳቀስ ንብረት ከሆነ፣ ማለትም መሬት ወይም ቤት፣ ቢያንስ 1,000 ብር የሚያወጣ፤ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከብት ወይም ሸቀጥ፣ ቢያንስ 2,000 ብር የሚያወጣ።

1,000 ብር ያኔ ምን ያህል ነበር?

በግብሩ እንለካው። በ1930ዎቹ በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሠረት፣ መሬቱ በጋሻ በተለካበት አገር፣ አንድ ጋሻ ለም መሬት ከነአሥራቱ በዓመት 50 ብር ይከፈልበት ነበር። ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ገደማ ነው። አሥራት ደግሞ ከምርቱ አንድ አሥረኛ ታስቦ የሚከፈል ግብር ነው። እንግዲህ 1,000 ብር ማለት የአንድ ጋሻ ለም መሬት የሃያ ዓመት ግብር ነው። ተራ ገበሬ በቀላሉ የሚደርስበት ቁጥር አልነበረም።

በጎጃም ደግሞ ሌላ ውስብስብ ነገር ነበር። ጎጃም፣ ቤጌምድርና ትግራይ በዚህ የጋሻ ልክ አልገቡም፤ የቀድሞ ግብራቸውን እየከፈሉ ቀጠሉ። የጎጃም መሬት በአብዛኛው ርስት ነው። ርስት ከእናትም ከአባትም ወገን ከአቅኚው አባት እየተቆጠረ የሚወረስ የመሬት መብት ነው። አንድ ሰው እዚህ አንድ ማሳ፣ እዚያ ሌላ ማሳ ሊኖረው ይችላል። ዘመዱም በዚያው መሬት ላይ የድርሻ ጥያቄ ሊያነሳ ይችላል። ዋጋ የሚወጣለት በገበያ የሚሸጥ ነገር ነው፤ ርስት ግን እንደ ሸቀጥ አይሸጥም። ስለዚህ «መሬትህ ስንት ብር ያወጣል?» ተብሎ ሲጠየቅ ስሙ የታወቀ፣ ሹመት ያለው፣ ከዳኛና ከጸሐፊ ጋር የሚግባባ ሰው መልስ ለማግኘት ይቀለዋል። ሁለት በሬ ይዞ የሚያርሰው ይቸግረዋል።

የፖለቲካ ፓርቲስ?

አልነበረም። እያንዳንዱ ዕጩ የሚቀርበው በግሉ ነው። መራጩም የሚመዝነው የፓርቲ ፕሮግራም ሳይሆን ሰውየውን ነው፤ የማን ልጅ ነው፣ ለማን አስታራቂ ሆኗል፣ ደጁ ክፍት ነው ወይ።

ይህ መልካም ጎን ነበረው፤ እንደራሴው የአገሩ ሰው መሆኑ አይቀርም። ጉዳቱ ግን ፓርላማ ሲገቡ ይታያል። የተመረጡት 210 እንደራሴዎች ለየብቻቸው ሲገቡ አብረው የሚቆሙለት የጋራ ሐሳብ የላቸውም። ቃሉን ያጠፈ አባልም ተጠያቂ የሚያደርገው ድርጅት የለም።

አንድ የምርጫ ወረዳ ስንት ሰው ይልክ ነበር?

ሕገ መንግሥቱ አገሪቱ ወደ 200,000 የሚጠጋ ሕዝብ ባላቸው የምርጫ ወረዳዎች እንድትከፈል አዘዘ። እያንዳንዱ ወረዳ ሁለት እንደራሴ ይልካል። ከተሞች የተለየ ስሌት ነበራቸው፤ ከ30,000 በላይ ሕዝብ ያለው ከተማ አንድ እንደራሴ ያገኛል፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ 50,000 ሰው ደግሞ አንድ ይጨመርለታል። ለምሳሌ 130,000 ሰው ያለው ከተማ ሦስት እንደራሴ ይደርሰዋል።

ባሕር ዳር ያኔ ትንሽ ከተማ ነበረች፤ 30,000 አልሞላችም። ስለዚህ የጣና ዳር ነዋሪ ድምፅ ከገጠሩ ወረዳ ጋር አብሮ የሚቆጠር ነበር። በአገር አቀፍ ደረጃ የመቀመጫው ብዛት 210 ነበር።

ምርጫው ማንን ምን ያስወጣ ነበር?

መራጩን የሚያስወጣው ቀን ነው። ለመመዝገብ አንድ መንገድ፣ ድምፅ ለመስጠት ሌላ መንገድ። በመስከረም ጭቃ፣ ወንዝ ተሻግሮ መሄድና መመለስ አንድ የሥራ ቀን ይበላል። በዚያ ወቅት ደግሞ ዳጉሳው ይታረማል፣ ማሳው ከዝንጀሮና ከወፍ ይጠበቃል።

ዕጩውን ግን ገንዘብ ያስወጣዋል። 200,000 ሰው የሚኖርበትን አገር የሚዞረው በበቅሎና በእግር ነው። ፓርቲ ስለሌለ ወጪውን የሚሸፍንለት የለም። የደረሰበት ቀዬ ሽማግሌዎችን ሰብስቦ ማነጋገር አለበት፤ አገራችን ደግሞ ያለ ጠላና ያለ እንጀራ ስብሰባ አያውቅም። ስለዚህ ሕጉ የጠየቀውን 1,000 ብር የሚያሟላ ሰው እንኳ ለቅስቀሳው ሌላ ገንዘብ ያስፈልገዋል። ቅስቀሳ ማለት ሕዝቡ እንዲመርጠኝ ብሎ መዞርና መናገር ነው።

ተመርጦ ሲገባ ምን ሥልጣን ነበረው?

የሥራ ዘመኑ አራት ዓመት ነው። ሕግ ሲቀርብ ይከራከራል፣ ድምፅ ይሰጣል። አሥር አባላት ከተባበሩ ራሳቸው የሕግ ሐሳብ ማቅረብ ይችሉ ነበር። አዲስ ግብር የሚጥል ሐሳብ አስቀድሞ የሚቀርበው ለእነሱ ምክር ቤት ነው። ይህ በጎው በኩል ነው።

በሌላ በኩል፣ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱ እንደ ድሮው በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾም ነው። ቁጥሩ ከእንደራሴዎቹ እኩሌታ ሊበልጥ አይችልም፤ ሆኖም አንድ ረቂቅ ሕግ እንዲሆን የሁለቱም ምክር ቤት ስምምነት ያስፈልጋል፣ ከዚያም የንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ። ሚኒስትሮቹን የሚሾሙትና የሚሽሩት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። ጠቅላይ ገዢውንም እንዲሁ።

አሁን አንድ የአቸፈር ገበሬ እናስብ። ችግሩ ምስለኔው ነው እንበል። ምስለኔ ማለት በአካባቢው መንግሥትን ወክሎ የሚያስተዳድር ሹም ነው። ገበሬው የመረጠው እንደራሴ ምስለኔውን ማንሳት አይችልም። ጠቅላይ ገዢውንም ማንሳት አይችልም። ማድረግ የሚችለው አቤቱታውን ይዞ አዲስ አበባ ላይ መናገር ነው። ከሚሰማው ሰው ፊት መቆሙ ዋጋ ነበረው፤ የሚሰማው ሰው ግን በዚያ ገበሬ ድምፅ የመጣ አይደለም።

ይህ ሁሉ በጎጃም ላይ ምን ውጤት አመጣ?

ፈተናው የመጣው በ1960 ዓ.ም. ነው። በኅዳር ወር አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። የአሥራቱ ግብር ቀርቶ ገበሬው ባገኘው ገቢ ልክ እንዲከፍል የሚል ነው። አዋጁ በፓርላማ ክርክር ተደርጎበትና ተሻሽሎ ያለፈ ነበር። ይህ እንግዲህ የሕዝቡ እንደራሴዎች የተሳተፉበት ሕግ ነው።

ጎጃም ግን አልተቀበለውም። ገቢን ለመገመት ማሳው መታየት አለበት፤ ማሳው ከታየ ይለካል፤ ከተለካ ርስቱ ይነካል የሚል ሥጋት ገባ። የዚያ ሥጋት ሥር የቆየ ነው፤ በ1930ዎቹም መሬት ይለካ ሲባል ጎጃም ተቃውሞ ነበር። በሞጣ፣ በቢቸናና በሌሎችም ቦታዎች ገበሬው መሣሪያ አነሳ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም ተጠቀመ።

በመጨረሻ ገበሬው የጠላቸው ጠቅላይ ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከጎጃም ተነሱ። አዲሱ ግብር በጎጃም ሳይተገበር ቀረ፣ ለብዙ ዓመት የተጠራቀመው ውዝፍ ግብርም ተማረ።

እስቲ ይህን ልብ ብለው ያስቡት። ገበሬው ከ1950 ጀምሮ ሦስት ጊዜ ድምፅ እንዲሰጥ ተጠርቷል፤ በ1950፣ በ1953 እና በ1957። የሚጠላውን ገዢ ያስነሳለት ግን ካርዱ ሳይሆን ጠመንጃው ሆነ። ካርዱ ውሸት ስለነበር አይደለም። ገዢውን የማንሳት ሥልጣን ካርዱ ከሚደርስበት ቦታ ውጭ ስለነበር ነው።

እንዲህ ያለ አጀማመር የእኛ ብቻ ነው?

አይደለም። ዛሬ በምርጫ ስሟ የሚጠራው አሜሪካም የመጀመሪያ ፕሬዚዳንቷን ስትመርጥ ነገሩ የተንዛዛ ነበር። ጊዜው በእነሱ አቆጣጠር 1789 ነው፤ እኛ ዘንድ ጎንደር በዘመነ መሳፍንት ሥር ነበረች። ከአሥራ ሦስቱ ግዛቶች የተሳተፉት አሥሩ ብቻ ናቸው። ሁለቱ ሕገ መንግሥቱን ገና አላጸደቁም፤ ኒው ዮርክ ደግሞ ሁለቱ ምክር ቤቶቿ በአመራረጡ መስማማት አቅቷቸው ዕድሉ አመለጣት።

አንዷን ግዛት፣ ቨርጂኒያን፣ ቀረብ ብለን እንያት። የቨርጂኒያ ሰው ድምፁን የሰጠው ለፕሬዚዳንት ዕጩ አልነበረም። ግዛቷ በ12 ወረዳ ተከፈለች፤ እያንዳንዱ ወረዳ አንድ ወኪል መራጭ ያወጣል። ወኪል መራጭ ማለት በሕዝቡ ፈንታ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጥ ሰው ነው። ሕዝቡ ጃንዋሪ 7 ወኪሎቹን መረጠ፤ ወኪሎቹ ደግሞ ፌብሩዋሪ 4 ድምፃቸውን ሰጡ።

እያንዳንዱ ወኪል ሁለት ሰው ይመርጣል፤ ብዙ ድምፅ ያገኘ ፕሬዚዳንት፣ ተከታዩ ምክትል ይሆናል። ከቨርጂኒያ 12 ወኪሎች ድምፅ የሰጡት 10 ናቸው። አሥሩም ጆርጅ ዋሽንግተንን መረጡ። ሁለተኛው ድምፃቸው ግን ተበታተነ፤ ጆን አዳምስ 5፣ ጆርጅ ክሊንተን 3፣ ጆን ሃንኮክ 1፣ ጆን ጄይ 1።

ድምፅ የነበረውስ ማን ነው? በቨርጂኒያ መሬት የተጠየቀው ከመራጩ ነው። ቤት ያለበት 25 ኤከር መሬት ያለው ሰው ይመርጥ ነበር፤ ይህ ወደ ሩብ ጋሻ ገደማ ነው። ባሪያዎች አይመርጡም፤ ሴቶችም አይመርጡም። የእኛው የ1950 ሕግ በዚህ በኩል የሰፋ ነበር፤ ለመራጩ በሩን ከፍቶ ለዕጩው አጠበበው። ቨርጂኒያ ግን ለመራጩም አጠበበችው።

ሆኖም አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የቨርጂኒያ ድምፅ በጥቂቶች እጅ ቢሆንም መጨረሻው የአገሪቱን መሪ መወሰን ነው። መንገዱ ስላለ ከጊዜ በኋላ ሌሎችም በትግል ወደዚያው መንገድ ገቡ። በጎጃም በ1950 ብዙ ሰው ወደ መንገዱ ገባ፤ መንገዱ ግን ከመሪው ደጅ ሳይደርስ ይቆማል።

ከዚያ ወዲህስ?

በ1961 እና በ1965 ሌሎች ሁለት ምርጫዎች ተደረጉ፤ በመጨረሻው የመቀመጫው ብዛት 250 ደርሶ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወርድ ፓርላማውንም በተነ። በሰኔ 1979 የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ተደረገ፤ የመቀመጫው ብዛት 835 ነበር። አሁን ባለው ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው አገር አቀፍ ምርጫ የተካሄደው በሚያዝያ 1987 ነው።

የዛሬው አሠራር በምን ይለያል?

ዛሬ 18 ዓመት የሞላው ይመርጣል፣ 21 የሞላው ይወዳደራል። የንብረት ጥያቄ የለም። ፓርቲዎች አሉ፤ በግል መወዳደርም ይቻላል። ብዙ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል፤ ከእኩሌታ በላይ ማግኘት ግዴታ አይደለም። የተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን አምስት ዓመት ነው። ሥራውን የሚመራው ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ነው።

ጣቢያው ላይ ሲደርሱ መታወቂያዎንና የመራጭነት ካርድዎን ያሳያሉ። ስምዎ ከመዝገቡ ይፈለጋል፤ ይፈርማሉ። ጣትዎ ላይ በቶሎ የማይለቅ ቀለም ይቀባል፤ ይህ ሁለት ጊዜ እንዳይመረጥ ነው። ወረቀቱን ይዘው ለብቻዎ ወደተከለለው ቦታ ይገባሉ፣ ምልክት ያደርጋሉ፣ አጥፈው ሣጥኑ ውስጥ ይከታሉ። ሲመሽ ቆጠራው እዚያው ጣቢያ ይደረግና ውጤቱ እዚያው ይለጠፋል። ምንም አይከፍሉም፤ የሚያስወጣዎት ጊዜ ብቻ ነው።

ጠቅላይ ሚኒስትሩን ግን በስሙ አይመርጡትም። እርስዎ የሚመርጡት የወረዳዎን ተወካይ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚመርጡት ተወካዮቹ ናቸው። በዚህ በኩል የዱርቤቴ መራጭ ከድሮው የቨርጂኒያ መራጭ ጋር ይመሳሰላል። ከ1950ው ጎጃሜ የሚለየው ደግሞ ድምፁ ቢያንስ በሕጉ ላይ እስከ መሪው ድረስ መዝለቁ ነው።

ስለዚህ ምን ልጠይቅ?

ማንኛውም ምርጫ ሲመጣ አራት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ ማን መምረጥ ይችላል? ሁለተኛ፣ ማን መወዳደር ይችላል፣ ለመወዳደርስ ምን ያህል ያስወጣል? ሦስተኛ፣ የሚመረጠው ሰው ማንን መሾምና ማንን ማንሳት ይችላል? አራተኛ፣ ቃሉን ቢያጥፍ መቼና በምን መንገድ ይጠየቃል?

የ1950ው ምርጫ ለመጀመሪያው ጥያቄ ጥሩ መልስ ነበረው። በሁለተኛው ደከመ፣ በሦስተኛው ወደቀ፤ ለአራተኛው የነበረው አራት ዓመት መጠበቅ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ዕጩ ዱርቤቴ ገበያ ላይ ቆሞ ድምፅ ሲጠይቅዎት ስለ መንገዱና ስለ ማዳበሪያው ቃል መግባቱን ብቻ አይስሙ። «ይህን ለማድረግ ሥልጣኑ በእጅዎ ነው ወይስ በሌላ ሰው እጅ?» ብለው ይጠይቁት። በሌላ ሰው እጅ ከሆነ የዚያን ሰው ስምና ሹመት ያስነግሩት።